በአውራ ጣት የወጣው ድንጋይ

መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ አንድ የእህል መጋዘን አለ። ባለቤቱ ነጋዴ ነው፤ የገነባሁት እኔ ነኝ። ይህችን ኋለኛዋን ነገር ፍርድ ቤት ፊት እንዳልናገራት መክረውኝ ነበር።

ድንጋይ መጥረብና መካብ ያስተማሩኝ የአጥቢያችንን ቤተ ክርስቲያን አጥር የሠሩት ቄስ ናቸው። ወረቀት አልሰጡኝም፤ ለራሳቸውም አልነበራቸውም። ግንብ ሁለት ፊት አለው ይሉ ነበር፤ ከውስጥ እስከ ውጭ የሚዘልቅ ረጅም ድንጋይ በየክንዱ ካልገባበት ክረምት ሲመጣ ሆዱ ይነፋል። ሰነፍ ግንበኛ አጭር ድንጋይ ከሁለቱም በኩል ሰክቶ ያታልላል። እኔ ግን የረጅሙን ድንጋይ ጫፍ በሁለቱም ፊት በአውራ ጣት ያህል አወጣዋለሁ። የጠረጠረ ይቁጠር።

የመጋዘኑን ውል የጻፈልን ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር የሚቀመጥ ራፖር ጸሐፊ ነው። ከስሜ አጠገብ «ሥራ ተቋራጭ» አለበት። አይደለሁም ማለት ነበረብኝ። እኔ እቴ! ደስ ብሎኝ ፈረምኩ፤ ቤት ገብቼም ለባለቤቴ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት።

ጣራው እንደተመታ ነጋዴው የቀረውን ክፍያ ከለከለኝ። ከሰስኩት። መልሱ አጭር ነበር፦ «ተቋራጭ ነኝ ብሎ ፈረመ፤ ፈቃድ ግን የለውም፤ ውሉ አይጸናም። ግንቡንም ሄዳችሁ እዩት፤ ድንጋዩ እንኳ በወጉ አልገጠመም፣ ጎርበጥባጣ ነው።»

ስለ ፈቃዱስ እውነቱን ነው። ስለ ድንጋዩ ግን ደሜ ፈላ።

ራፖር ጸሐፊው በር ላይ ያዘኝ። «የቀን ሠራተኛ ነበርኩ በል። የጉልበትህን ይፈርዱልሃል፣ ትገላገላለህ።»

«ታዲያ ግንቡን ማን ሠራው ሊባል ነው?»

«ምን ቸገረህ?»

ቸገረኝ እንጂ! ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ሥራ ነው፤ በአንድ ቃል ለነጋዴው ልሰጠው አልቻልኩም።

ዳኛዋ ልጄን የምታክል ወጣት ናት። «አባት፣ እርስዎ ተቋራጭ ነዎት?» አለችኝ።

«አይደለሁም፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም አምሮኝ ነው የፈረምኩት፤ ጥፋቴ ነው። የቀን ሠራተኛም አይደለሁም። ግንበኛ ነኝ። ያን ጎርበጥባጣ ያሉትን ድንጋይ ባለሙያ ይቁጠርልኝ።»

አንድ መሐንዲስ ተላከ። ጠመኔ ይዞ የወጣውን ጫፍ ሁሉ ከውጭ ምልክት አደረገበት፤ ከዚያ ውስጥ ገብቶ የእያንዳንዱን ሌላኛ ጫፍ ፈለገ። አንድም አልጎደለም። ሲወጣ እጁን አራግፎ ጨበጠኝና «እንዲህ ያለ ግንብ ብዙ አላየሁም» አለ። ያን ዕለት ቤቴ የገባሁት ደረቴን ነፍቼ ነው፤ ፍርዱ ገና ነበር፣ ለእኔ ግን ያለቀ መሰለኝ።

ፍርዱ በእኔ ልክ የተሰፋ አልነበረም። የተቋራጭነቱ ውል አልጸና አለ፤ ባለሙያው በገመተው መጠን የሥራዬ ዋጋ ይከፈለኝ ተባለ። ከውሉ አነሰ። ውሳኔው ላይ ግን «ግንቡን የሠራው ከሳሽ» ተብሎ ተጽፏል። እሱን ለባለቤቴ ሦስት ጊዜ አነበብኩላት።

በዓመቱ ለሙያ ምዘና ተቀምጬ የግንበኝነት ማረጋገጫዬን ወሰድኩ። ክረምቱ ሲወጣ ነጋዴው ሽማግሌ ልኮ ታረቀኝ፤ ለካ ሌላ ሰው የሠራለት የግቢው አጥር ተንዶ ኖሯል። «አንተው ሥራልኝ» አለኝ።

ሠራሁለት። የረጅሙን ድንጋይ ጫፍ ግን በሁለት አውራ ጣት አወጣሁት።