ቆጥ ላይ ያደረችው ሴት

ሥራ የጀመርኩ ቀን ሜትር፣ ጠመኔና እርሳስ ተሰጠኝ። አስተባባሪያችን አቶ ታደለ "ከተማ ማለት ሕዝቡ ሲካፈል ለስፋቱ ነው" ብለው አስረዱን። እሳቸው ሲያካፍሉ የኖሩት ከአራት ኪሎ ካፌ ሳይነሱ ነው። ሕዝቡንም ስፋቱንም በእግራችን ዞረን የምናመጣላቸው እኛ ቆጣሪዎች ነበርን።

የደረሰኝ ሰፈር ዶሮ ማነቂያ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ታንኳኳለህ፣ ቤቱን ትለካለህ፣ "ትናንት ማታ እዚህ ቤት ያደረው ማን ማን ነው?" ብለህ ትጽፋለህ፣ በሩ ላይ በጠመኔ ቁጥር አድርገህ ትወጣለህ።

ቀላል የሆነው ግን ቢሮ ውስጥ ነው። በቀበሌ ቤት ደባል ማስገባት ክልክል ስለነበር፣ ቆጣሪ መጣ ሲባል ግማሹ ሰፈር ይሰወራል። አንዱ ጎረምሳ በር ላይ ተደግፎ፣ "ፍሬንድ፣ የመብራት ነህ የሰው?" አለኝ።

"የሰው።"

"እንግዲያው ከፍ አድርገህ እንዳታነብ፣ ይቆርጡብናል።"

የእትዬ የሺ ቤት አሥራ ስድስት ካሬ ነው። "አምስት ነን" አሉኝ፤ ራሳቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ሁለት የልጅ ልጆቻቸው። እየጻፍኩ ሳለ ከቆጡ ላይ ሰው አነጠሰ።

"ድመት ናት" አሉ እትዬ የሺ፣ ፊታቸው እንኳ ሳይለወጥ።

ቀና ስል ከቆጡ ጠርዝ አንድ እግር ወጥቷል።

"እትዬ፣ ድመቷ ካልሲ አድርጋለች።"

"ብርድ አትችልም።"

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ይኼኔ ሰዓዳ በመሰላሉ ወረደች። ከወሎ የመጣች፣ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ካልሲ የምትሸጥ ሴት ናት። ቆጡ ላይ ስትኖር ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል።

"በአላህ ወንድሜ፣ አትጻፈኝ" አለችኝ። "በእኔ ምክንያት ቤታቸውን ቢቀሙ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?"

መመሪያው ያደረን ሁሉ ጻፍ ይላል። አዘንኩላትና አልጻፍኳትም። ትልቅ ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ በሩ ላይ ቁጥሬን አሳምሬ ጻፍኩ።

አቶ ታደለ ወረቀቴን አይተው፣ "አሥራ ስድስት ካሬ ላይ አምስት ሰው? ይኼም በዝቷል" አሉ።

"ቆጥም አለው እኮ።"

"ቆጥ ስፋት ውስጥ አይገባም፣ አየር ላይ ነው" ብለው ፈረሙ።

ዓመታት አለፉና ሰፈሩ ለልማት ይነሳል ተባለ። ቀድሞ ክልክል የነበረው ደባል፣ አሁን ነባር መሆኑ ከተረጋገጠ ምትክ ቤት ያገኛል ተባለ። እኔ ጡረታ ልወጣ ስምንት ወር ሲቀረኝ ከአጣሪዎቹ ጋር ተቀመጥኩ። እትዬ የሺ አርፈዋል። የልጅ ልጆቻቸው ሰዓዳን፣ ያሳደገቻቸውን ሴት፣ "ትናንት የመጣች ናት" አሉ።

ሰዓዳ ወደ እኔ ጠቆመች። "እሱ ያውቃል። በዓይኑ አይቶኛል።"

ሰብሳቢው ወጣት ነው። የድሮ ወረቀቴን አውጥቶ ዘረጋው። "ጋሼ፣ የጻፉት እርስዎ ነዎት። ያን ጊዜ ነበረች?"

ነበረች ማለት፣ ቅጹን አጉድዬ ሞልቻለሁ ማለት ነው። ጡረታዬ ታየኝ። ፈራሁ።

"እንግዲህ… ወረቀቱ ላይ ያለው ነው" አልኩ።

ሰዓዳ አልጮኸችም። "አትጻፈኝ አልኩህ እንጂ አላውቃትም በል አልኩህ?" ብላ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ማመልከቻዋ ውድቅ ተደረገ፤ ሰፈሩም ፈረሰ።

በዓመቱ መጨረሻ ስብሰባ ላይ፣ የአካባቢው የሕዝብ ጥግግት በእጅጉ መሻሻሉ ተነበበ። ሰው የሌለበት መሬት መቼም አይጨናነቅም። አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ።

ጡረታዬን ሳይጎድል እበላለሁ። ሰዓዳ ከከተማው ወሰን ማዶ ተከራይታ፣ ካልሲዋን ልትሸጥ ሦስት ታክሲ እየቀያየረች ትመጣለች ሲሉ ሰምቻለሁ። ሄጄ አላየኋትም፣ አፍራለሁ።

ለቆጣሪ ወዳጆቼ የምለው ይህን ነው። በሥራ ዘመኔ ሁሉ የሌለ ሰው ጽፌ አላውቅም፣ በዚህም ስኮራ ኖሬያለሁ። ያለን ሰው አለመጻፍም ያው ውሸት ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን ያልተጻፈው ሰው ነው።