ሆዷ ሙቅ የነበረው ሞተር

ልጄ አዲስ አበባ ከገባች ወዲህ ቤቴ ውስጥ ድምፅ ያለው የልብስ ስፌት መኪናዬ ብቻ ነው። እሱም ካልረገጡት አይናገርም። ከሥጋ ዘመድ በቅርብ የቀረችኝ አቀስታ ያለችው ታላቅ እህቴ ናት፤ እግሯን ስለሚያማት መካነ ሰላም መምጣት ትታለች። እኔ ልሂድ ስል ሚኒባሱ እስኪሞላ ግማሽ ቀን ይሄዳል፣ ማደር ግድ ይሆናል፣ ሱቄ ሁለት ቀን ይዘጋል። እናም በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ብንተያይ ነው፤ ከዚያም ውስጥ አንዱ ለቅሶ ነው።

ሞተር መንዳት የለመድኩት ጤና ጣቢያ በምትሠራ ጎረቤቴ ትንሽ ሞተር ነው፤ ገበያ በማይውልበት ቀን፣ ገበያው ሜዳ ላይ። ሁለት ቀን ወደቅኩ፣ በሦስተኛው ቀጥ አልኩ። ሰው ሲስቅ አብሬ ሳቅኩ።

ባለፈው መስከረም አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ወደ ደሴ ሲዛወር ሞተሩን ሊሸጥ መሆኑን ሰማሁ። እኛ ሰፈር እንደምናያቸው አይደለም፤ ለረጅም መንገድ የተሠራ ነው። ሁለት መቶ ሃምሳ ሲሲ፣ ስድስት ማርሽ፣ ከፊቱ ንፋስ የሚመልስ መከለያ፣ ግራና ቀኝ ቁልፍ ያላቸው ሳጥኖች፣ ከኋላ ለሚቀመጥ ሰው መደገፊያ ሳይቀር። ሃያ ሊትር ቤንዚን ይይዛል፤ አንዴ ከተሞላ አቀስታ ደርሶ ይመለሳል፣ ይተርፈዋልም። በስልኬ የላከልኝን ዝርዝር እንደ ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። ሦስት መቶ ሃያ ሺህ ብር አለ። እንዲህ ያለው ያገለገለ ሞተር ደሴ ከዚያ በላይ እንደሚጠራ አጠያይቄ ነበር። በእጄ ያለው ሁለት መቶ ስልሳ ነው። ቢሆንም ለእህቴ ደውዬ ለእሑድ በሞተር እመጣለሁ፣ ጠብቂኝ አልኳት።

ሞተር የሚያውቅ ሰው አልነበረኝም። በቅሎ የሚያውቅ ግን ነበረኝ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በቅሎ ሲገዙና ሲሸጡ የኖሩት ሽማግሌ ጎረቤቴ። ይዣቸው ሄድኩ።

ሻጩ በአንድ ንክኪ አስነሳው። ድምፁ እንደምታንኮራፋ ድመት ነበር። ሽማግሌው ዞሩት፤ መቀመጫውን አስነስተው የኮርቻ ቁስል እንደሚፈልግ ሰው ከሥሩ አዩ፤ ከዚያ «ዐመሏ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሻጩ ሳቀ፣ ዐመል የላትም አለ። እኔ ልቤ እዚያው ቀርቷል።

ስንመለስ ሽማግሌው፣ ሻጩ ከማስነሳቱ በፊት እጃቸውን ከሞተሩ ጎን አድርገው እንደነበር ነገሩኝ።

«ሳንደርስ ተጋልባለች፤ ሆዷ ሙቅ ነበር» አሉ። «አንካሳ በቅሎ ከሞቀች አታነክስም፣ ልጄ። በቅሎ የሚታየው ከበረት ስትወጣ ነው። ነገ በጠዋት፣ ሳንነግረው።»

አፍሬ ነበር። ሰው ቤት በማለዳ፣ ያውም ሌባ እንደሚይዝ ሰው። ግን አብሬያቸው ሄድኩ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ሻጩ ጋቢውን እንደተከናነበ ወጣ። አንዴ ሞከረ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። ሞተሩ ይስላል እንጂ አይነሳም። በስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ ተነሳ፤ ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ሞልቶ የቆርቆሮውን አጥር ከዓይናችን ሸፈነው።

ሻጩ መሬት መሬት እያየ ሁሉንም ተናገረ፤ ዘይት ይበላል፣ ጠዋት ጠዋት ያስቸግራል፣ ዳገት ላይ አንዳንዴ ይጠፋል። ሰው ሊያየው ሲመጣ ቀድሞ ያሞቀው እንደነበር ሳይቀር።

«እትዬ፣ በሁለት መቶ ሠላሳ ይውሰዱት። ልጆች ይዤ ነው የምሄደው» አለኝ።

አልተቆጣሁም። ይልቅ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። አሁን ገንዘቤ ይበቃል። ሠላሳው ለማሠሪያ ይሆናል ብዬ ወዲያው በልቤ አሰላሁ። እሑድን አየሁት፤ መከለያው ንፋሱን ሲመልስልኝ፣ እህቴ በር ላይ ቆማ።

ሽማግሌው ከአጥሩ ዘወር አደረጉኝ። ዋጋው የኔ ጉዳይ እንደሆነ፣ ገንዘቡም የላቤ እንደሆነ ነገሩኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ አሉ።

«ከአቀስታ ወዲህ ያ ሜዳ አለ አይደል፣ ጉሙ ሲወርድበት ሰው የማይታይበት። እዚያ ላይ ብትተኛብሽ ማንን ትጠሪያለሽ?»

አሰብኩ። ልጄ ሩቅ ናት። ጎረቤቴ ሥራ ላይ ናት። እህቴን እግሯን ያማታል። ስልኬ ውስጥ ያሉት ዩኒፎርም የምሰፋላቸው ደንበኞቼ ናቸው። እሳቸውም «እኔን ጥሪ» አላሉም፤ ሽማግሌ ናቸው፣ የማይችሉትን አይናገሩም። ትከሻዬን ያዙና «አብሽሪ» አሉኝ።

ሰውየውን አመስግኜ ወጣሁ። እሱም አመሰገነኝ፤ ምን እንዳደረግኩለት እንጃ።

ቤቴ ገብቼ ለእህቴ ደወልኩ። እሑድ እንደማልመጣ፣ ሞተሩም እንደቀረ ነገርኳት።

«እኔማ የበሬውን ጋጣ አስጠርጌ ነበር» አለች። «ሞተሩን ዝናብ እንዳይመታው ብዬ።»

የሚቀጥለው ወር በሚኒባስ እመጣለሁ አልኳት።

«ይሁን» አለች። «እስከዚያው እንጨት አስገባበታለሁ።»