ለቺንጋው ስል

የእንስሳት ሐኪም ሆኜ ጢቾ ከተመደብኩ ወዲህ እንደዚያ ቀን የተሳቀቅኩበት ጊዜ የለም። ለገጠር ሥራ ባለ አራት ጎማ አውቶማቲክ ሞተር ተሰጥቶኛል። ያስረከበኝ መካኒክ፣ «ጎማውን የሚያዞረው ይህ የላስቲክ ቀበቶ፣ ቺንጋው ነው፤ ከተቃጠለ ምትክ የለንም። ዳገት ላይ ጭነት አታብዛ፣ ሲግል አቁመህ አቀዝቅዘው» ብሎኛል።

እኔም ዳገቱ ሥር ስደርስ ላቀዝቅዘው ቆምኩ። መንገድ ዳር የቆሙ አንድ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ አዛውንት ሰላምታ ሰጡኝና ሞተሩንም ዳገቱንም አየት አድርገው፣ «ብቻህን ነህ?» አሉኝ።

የጭነቱ ነገር ትዝ ቢለኝም ሽማግሌ ጥሎ ማለፍ ነውር ሆነብኝ። «አዎ፣ ሐጂ፤ ከኋላዬ ይውጡ» አልኳቸው።

ዳገቱን ስንጀምር ጎማ የተቃጠለ የሚመስል ሽታ መጣ። «ሐጂ፣ ይቅርታ፤ ለቺንጋው ስል ትንሽ ቢወርዱልኝ?»

«አብሽር ልጄ!» ብለው ወረዱ፤ ጭራሽ ከኋላ ይገፉልኝ ጀመር። የዳገቱ አናት ላይ ስንደርስ መልሼ ጫንኳቸው። ቀጣዩ ዳገት ላይም አወረድኳቸው። ከዚያ በኋላማ ዳገት ባየን ቁጥር ሳልናገር ራሳቸው ይወርዳሉ። እስከ ጉልበታቸው በጭቃ ተለውሰው ሳያቸው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የምሄድበት መንደር ስንደርስ፣ «ሐጂ፣ ቤትዎ የቱ ጋ ነው?» አልኳቸው።

«ቤቴማ ያገኘኸኝ ቦታ ነው» አሉ ጭቃቸውን እያራገፉ። «የሚገፋልህ ሰው አጥተህ የጠራኸኝ መስሎኝ ነው የመጣሁት።»

ከዚያ ረጋ ብለው ወደ መጣንበት መንገድ ዞር አሉና፣ «መመለሻው ቁልቁለት ነው» አሉኝ። «ያኔም ታወርደኛለህ?»