ዘውድ የደፋው የቻይና ፊደል

ቻይንኛ እችላለሁ ብዬ አላውቅም። ሰው ይችላል ብሎ ሲያስብ ግን ዝም እላለሁ፤ አሰላ ውስጥ ደግሞ ዝም ያለ ሰው እንደ ባለ ዲግሪ ይከበራል። ወደ ጢቾ የሚወስደውን መንገድ ይሠሩ ከነበሩት ቻይናዎች ዘንድ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠርቻለሁ። ሰላምታ፣ ሲሚንቶ የሚለውን ቃልና አንድ ስድብ ተምሬ ወጣሁ፤ በቃ።

የሰፈራችን ሰው የነበረው የካምፑ ሾፌር ሲሞት፣ ቻይናዎቹ ለቀብሩ ትልቅ የአበባ ጉንጉን ላኩ። መሐሉ ላይ አንድ ጥቁር ፊደል ጉብ ብሏል። የእድራችን ዳኛ፣ ኋላ አማቴ የሆኑት ሰውዬ፣ «ምን ይላል?» አሉኝ። አላውቅም ብል ምን ነበረበት? እኔ እቴ! «ክብር ማለት ነው። ይኸውልዎት፣ ከላይ ዘውድ አለ፤ ከታች ንጉሡ እግሩን ከፍቶ ቆሟል» አልኩ።

ሰውዬው ወደዱት። እድሩ አዲስ ድንኳን ሲያሠራ በሩ ላይ በቀይ ቀለም፣ በትልቁ አስጻፉት። ልጃቸውን ሽማግሌ ልኬ ስጠይቅም ሲሬ ያለውን ባለ ወፍጮ ትተው ለእኔ የሰጡኝ፣ «የተማረ ነው» ብለው ነው። የእድር ድንኳን መቼም ለለቅሶም ለሠርግም ያው ነውና፣ የእኛም ሠርግ እዚያው ተደገሰ።

የድሮ አለቃዬን፣ ሽማግሌውን ቻይናዊ መሐንዲስ ጠርቼው ነበር። ድንኳኑ በር ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ባርኔጣውን አውልቆ ሦስት ጊዜ ጎንበስ አለ። ከዚያ እልልታውን ሰንጥቆ አማቴ ዘንድ ሄደና፣ ሁለት እጃቸውን ይዞ፣ «ኤኙ ዱኤ? ማን ሞተ?» ብሎ በኦሮምኛም በአማርኛም ጠየቃቸው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ዲጄው ሙዚቃውን አጠፋ።

መሐንዲሱ ፊደሉን እያሳየ በተሰባበረ አማርኛ አስረዳ። የጥንት መጻሕፍታቸው ቃል ነው፤ በሙት ፊት ምግብና መጠጥ ማኖር ማለት ነው። ዛሬ ብቻውን የሚጻፈው ለለቅሶ ነው። እኔ ንጉሥ ያልኩት ለካ የመጠጥ ጋን ኖሯል፤ እግሩም የጋኑ ማስቀመጫ። አቤት ውርደት! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«ክብር ነው ያልከኝን ከየት አምጥተህ ነው?»

«ከራሴ ነው፣ አባባ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«‹ልጅዎን አላስከፋትም› ያልከኝንስ ከየት አመጣኸው?»

ሙሽራዬም መልሱን ልትሰማ ቬሏን ከፊቷ ገለጠች።