ልጄን የጠበባት የጥምቀት ቀሚስ

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት በከተራ ዕለት ጠዋት ነው። እናቴ ካረፈች የመጀመሪያው ጥምቀት ስለነበር ይሆናል፣ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው፤ ያደግሁት ግን ዳባት፣ ገጠር ውስጥ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴ ጥጡን ራሷ ፈትላ፣ በሸማኔ አሠርታ፣ በእጇ የሰፋችልኝ የጥምቀት ቀሚስ አለኝ። "ለልጅሽ ይሆናል፣ አስቀምጪው" ትለኝ ነበር። ዛሬ ነገ ስል፣ ልጄን አልብሼ ሳላሳያት አመለጠችኝ። ስለዚህ በዚያ ጥምቀት ልጄ ሶልያና ቀሚሱን ለብሳ ታቦት ካላጀበች ሞቼ እገኛለሁ ብዬ ነበር።

ሶልያና ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በአሥራ ሦስት ዓመቴ የለበስሁት ለእሷማ ይሰፋታል ብዬ አስቀድሜ አልለካኋትም። ጉድ እኮ ነው፣ እንዳይንዘላዘልባት መቀነት ሁሉ ገዛሁላት!

ጠዋት በራሷ በኩል አጠለቅሁላት። ትከሻዋ ላይ ደረሰና ቀጥ አለ። ብስበው፣ ብጎትተው ወይ ፍንክች! አይወርድ፣ አይወጣ። ልጄ እጆቿ ወደ ላይ እንደተሰቀሉ ውስጥ ታፍና "እማዬ፣ መተንፈስ አቃተኝ!" ብላ ጮኸች። እንደ ምንም ብዬ ፊቷን አወጣሁላት። በእንባ ርሷል።

"በጣም ወፍሬ ነው አይደል?" አለችኝ።

ሐኪሙም ክብደቷን እንድናስብበት ነግሮናል። ትምህርት ቤት በሰርቪስ ሄዳ በሰርቪስ ትመለሳለች፤ ቤት ከገባች ስልክና ብስኩት ነው። እኔ በእሷ ዕድሜ ውሃ ቀድቼ፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቼ፣ ተማሪ ቤት በሩጫ ነበር የምደርሰው። ታዲያ ይህ በዚያ ሰዓት ለልጅ ይነገራል? "አይደለም፣ ቀሚሱ ነው የጠበበው" አልኳት። አላመነችኝም።

ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ሲባል እንስቅ ነበር፤ ያን ቀን እውነትም መቀስ ይዤ ቆምሁ። የእናቴን የእጅ ሥራ እንዴት ልቅደደው? "ይቅር በይኝ እማዬ" ብዬ የጎኑን ስፌት መተርተር ጀመርሁ።

ክሩ ብጥስ ሲል ከውስጥ ታጥፎ የኖረ ጨርቅ ተዘረጋ። ስፌቱ ለካ ድርብ ኖሯል፤ አንደኛው ቢፈታም ሌላው ከጨርቁ ዳር እንዳለ ነው። በወዲያኛው ጎንም እንደዚያው። ቀሚሱ ሰፋና ልጄ ላይ ሸርተት ብሎ ወረደ።

ለበዓሉ ከዳባት የመጣችው የእናቴ ታናሽ፣ አክስቴ የሺ፣ ጩኸቱን ሰምታ ገባች። ጨርቁን ዳበስ ዳበስ አደረገችው።

"ምነው፣ አልነገረችሽም?" አለችኝ። "መጀመሪያ በሰፊው ነበር የሰፋችልሽ። ስትለብሽው እንጨት ላይ የተሰቀለ መሰለ። ጓሮ ዞራ አለቀሰች። ኋላ ወደ ውስጥ አጠፈችና አጠበበችው። 'ለከርሞ ልጄ ሥጋ ስታወጣ እፈታዋለሁ' ትል ነበር።"

ለከርሞም ሥጋ አላወጣሁም። ቅጥነቴን ቅልጥፍና ነው ብዬ እመካበት ነበር እኮ! እናቴ ግን እያየችኝ ስትሳቀቅ ኖራለች። አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አላለችም።

አክስቴ ሶልያናን ዙሪያዋን አየቻትና "እሰይ! ሸጋ! አሁን ገና ሞላ!" ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ልጄ በእንባዋ መሀል ሳቀች።

ታጥፎ የኖረው ጨርቅ ፀሐይ ስላልነካው ከሌላው ይነጣ ነበር። በሁለቱም ጎኗ ነጭ መስመር ይዛ ታቦት አጀበች። የመንገዱን እኩሌታ እንኳ ሳንደርስ ደከማትና እያረፍን ሄድን። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ ቁስቋም ዳገቱን በእግር እወስዳታለሁ፤ እያጉረመረመች ትወጣለች፣ ግን ትወጣለች። ጤናዋ ያሳስበኛል፣ አልዋሽም።

ያን ዕለት ከኋላዋ ስሄድ የተመኘሁት ግን ሌላ ነበር፤ ዛሬም ያው ነው። እናቴ ለአንድ አፍታ ብትመጣልኝ፣ እኔ ያልሞላሁላትን ቀሚስ የልጅ ልጇ ሞልታው ብታይልኝ።