በጂሮና ያላየነው ባሕር

ትናንት አትላንታ አጠገብ፣ ማሪዬታ ከተማ፣ አንድ ዶናት ቤት በር ላይ ፓርክ አድርጌ ዴሊቨሪ እስኪወጣልኝ ስጠብቅ፣ የጋለ ዘይትና የስኳር፣ ከሥሩም የወተት ክሬም ሽታ በመስኮቱ ገባ። ጣፋጭ ሽታ ሰውን ያስጎመዣል እንጂ አያስደነግጥም፤ እኔን ግን ከኋላዬ የፖሊስ መብራት የበራብኝ ያህል አስደነገጠኝና፣ ምግቡን ተቀብዬ እስካደርስ ድረስ ሁለት መታጠፊያ ሳትኩ።

ሽታው የጂሮና ነው። ጂሮና ስፔን ውስጥ፣ ካታሎኒያ የምትገኝ አሮጌ ከተማ ናት፤ መንገዷም ግድግዳዋም ደረጃዋም ድንጋይ፣ በመሐሏ ወንዝ፣ በወንዙ ግራና ቀኝ ቢጫ፣ ቀይና ብርቱካናማ የተቀቡ ቤቶች ተደጋግፈው የቆሙባት፣ በየመስኮቱ ልብስ የተሰጣባት። አሥራ ሁለት ዓመቴ ሳለ አባቴና እናቴ ‘እናስጎብኝሽ’ ብለው ለአምስት ቀን ወሰዱኝ። እኔ ‘እናስጎብኝሽ’ የምትለዋን አልዋጥኳትም። የነበረኝን ማስረጃ ሁሉ ይዛ የምታምን ልጅ ካለች ሞኝ ናት እላለሁ፤ ዛሬም።

ማስረጃው ይኸውና። አባቴ ሰይድ የኤርፖርት ሹፌር ነበር፤ አትላንታ በገባን በአራት ዓመት ውስጥ እኔን ይዞ ከሎረንስቪል ቤታችን የራቀው ሊቶኒያ ቁርኣን ቤት ድረስ ብቻ ነው። ከጉዞው ሦስት ሳምንት በፊት፣ በእናቴ የእንግሊዝኛ አነጋገር የቀለደን አንድ ልጅ አፍንጫውን በምሳ ትሪ መትቼ ከትምህርት ቤት ሰስፔንድ ተደርጌ ነበር፤ ፍሪጅ ከፍቼ ስቆም እንኳ ቤቱን በጩኸት የሚያናውጠው አባቴ ያን ቀን አንድ ቃል አልተናገረኝም። ቀጥሎ አዲስ ሻንጣ ገዛ። ታላቅ ወንድሜ የክረምት ሥራ አለኝ ብሎ ሲቀር ማንም አልተከራከረውም። በዚያ ላይ ቁርኣን ቤት አጠገቤ የምትቀመጠው ነዋል ባለፈው ክረምት ‘ለእረፍት’ ተብላ ሄዳ፣ ጠባይ ትማር ተብሎ ኮምቦልቻ አያቷ ጋ ቀርታለች። እኛ ልጆቹ ሕጉን እናውቀዋለን፦ ወላጅ ካልተቆጣና ሻንጣ ከገዛ፣ አለቀልሽ።

ከሁሉም በላይ ግን አባቴን ራሱን አውቀዋለሁ። ደሴ ሳለን፣ አራት ዓመቴ ነው፣ ከረሜላ ልግዛልሽ ብሎ ግንባሬን ስሞ ወጣ፤ መልሼ ያየሁት ከአራት ዓመት በኋላ አትላንታ ኤርፖርት ነው። ልጅ እንዳያለቅስ ይዋሻል፤ በእኛ ዘንድ ይህ ርኅራኄ እንጂ ውሸት አይባልም፤ አያትም ጎረቤትም ይተባበርበታል። እኔም ደጃፍ ላይ ተቀምጬ እስከ መግሪብ፣ ጀንበር እስክትጠልቅ፣ ጠብቄአለሁ፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ‘አሁን ይመጣል’ እያለኝ።

ጂሮና የምትኖረው የአባቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ ሐሊማ ናት። ቤይሩት ሰው ቤት ሠርታ፣ ከዚያ እንደምንም ስፔን ገብታ፣ አንዲት አሮጊት ታስታምም ነበር፤ የመኖሪያ ወረቀቷን ከስንት ዓመት መጉላላት በኋላ ያገኘችው በዚያው ሰሞን ነው። በሩን ስትከፍት ‘ወንድም ዓለም!’ ብላ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ እናቴም አለቀሰች፤ እኔ ደግሞ በትከሻቸው ላይ አሻግሬ የተነጠፈልኝን አልጋ አያለሁ። አዲስ አንሶላ። አዲስ የጥርስ ብሩሽ። አልጋው ሥር በእግሬ ልክ የተገዛ ነጠላ ጫማ። ለአምስት ቀን እንግዳ ነጠላ ጫማ የሚገዛ ማነው?

በማግስቱ ጠዋት ወጥ ቤቱ በር ላይ ስደርስ አባቴ በሹክሹክታ፣ ‘እስከ ነገ እንዳትሰማ፤ ከሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም’ ሲል ጆሮዬ ገባ። አክስቴ ‘አብሽር፣ ምን ታውቃለች’ አለች፤ እኔን ሲያዩኝ ሁለቱም ስለ እንቁላል ማውራት ጀመሩ። ነገ። እንግዲህ ያቺን ከተማ ያየሁት አንድ ቀን እንደቀራት ሰው ነው።

ጉብኝቱ የተጀመረው ከአንድ ዳቦ ቤት ነው፤ ያ የትናንቱ ሽታ ከዚያ የመጣ ነው። ሹሾ የሚሉት፣ ውስጡ ክሬም የተሞላ፣ በዘይት ተጠብሶ ስኳር የተነሰነሰበት ጥቅል ነገር አላቸው። እናቴ ስብ ይኖረው ይሆን ብላ ጠርጥራ፣ ቋንቋው ባይኖራት፣ በሰልፉ ሁሉ ፊት አፍንጫዋን በጣቷ ወደ ላይ ገፍታ እንደ አሳማ አጉረመረመች። ሻጯ እስክታነባ ስቃ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። እናቴ ‘ይቺ የሳቀችው ምን ደብቃ ነው?’ ብላ የራሷን ድርሻ ሳትነካ ቀረች፤ አባቴ ቢስሚላህ ብሎ የእሷንም ጨምሮ በላው፤ ጺሙ ላይ ስኳር እንደያዘ ቀኑን ሙሉ ዋለ። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፤ ይህም ራሱ አጠራጠረኝ።

አባቴ ደግሞ የሚጠረጥረው ኪስ አውላቂ ነው። የሦስታችንንም ፓስፖርት በጨርቅ ቦርሳ አድርጎ ከሸሚዙ ሥር ሆዱ ላይ አስሮ፣ በየአሥር እርምጃው ሆዱን ይዳብሳል። ነገር ግን የሃያ ዓመት የሚመስል የሹፌርነት እጅ አለችውና፣ አንዲት ቱሪስት በጠባቡ የድንጋይ መንገድ ሻንጣዋን ስትጎትት ሲያይ ሳያስበው ቀምቶ ተሸከመላት። ጮኸች። ሌባ ሲፈራ ሌባ ተባለ፤ አክስቴ በስፓኒሽ ይቅርታ ስትለምን እናቴ ‘ኧረ በአላህ እጅህን ኪስህ ክተተው’ እያለች ጎተተችው። እኔ ግን ያቺ የፓስፖርት ቦርሳ እንዴት እንደምትፈታ ነበር የማጠናው።

ካቴድራሉ ፊት ያለውን ረጅም ደረጃ አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ እየቆጠረ ወጣው፤ ዘጠና ደርሶ ቁና ቁና ሲተነፍስ እንኳ ከስልኩ ታሪክ ያነብልናል። በድሮው የአይሁዶች ሰፈር፣ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ በማያሳልፍ መተላለፊያ ውስጥ፣ በአንድ በር መቃን ላይ በሰያፍ የተፈለፈለች ጠባብ ጎድጓዳ አሳየችን አክስቴ፤ የጸሎት ጽሑፋቸውን የሚያኖሩባት ነበረች፤ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ከሀገሩ ውጡ ተብለው ሄዱ፣ ጎድጓዳዋ ቀረች። አባቴ ጣቱን አስገብቶ ‘አይ ሰው’ አለ። እኔ በልቤ፣ ሰው ማባረር የለመደ ከተማ ሰው ማስቀረትስ ምን ያቅተዋል አልኩ።

ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ ደግሞ አንዲት የድንጋይ አንበሳ አለች፣ ምሰሶ ላይ የተንጠለጠለች። ቂጧን የሳመ ወደ ጂሮና ይመለሳል ይባላል፤ ሰው ተሰልፎ፣ መወጣጫ ላይ ወጥቶ፣ ይስማል። አክስቴ እንደ ልጅ እየሳቀች ‘ነይ ራቢያዬ፣ ሳሚና ትመለሺልኛለሽ’ ስትል፣ አባቴ ብብቴን ይዞ አነሳኝ። ነጠላ ጫማው፣ ሹክሹክታው፣ አሁን ደግሞ ይሄ! በሁለት እግሬ ደረቱን ረግጬ ወረድኩ። እናቴ ‘ሃራም መስሏት ነው፣ ተዋት’ ብላ አዳነችኝ። አባቴ ደረቱን እያሻሸ፣ ‘ይቺ ልጅ ኳስ ተጫዋች ትሁን’ ብሎ ሳቀ።

ከሰዓት በኋላ የአረብ መታጠቢያ የሚሉት አሮጌ ቤት ገባን። አባቴ በመንገዱ ሁሉ ‘የእኛ ሰዎች የሠሩት’ እያለ ሲያሞግሰው ቆይቶ፣ የሠሩት ክርስቲያኖች እንደሆኑ፣ የአረብ የሆነው አሠራሩ ብቻ እንደሆነ ሲያነብ ‘በሉ ዝም በሉ’ አለን፣ ማንም ሳይናገር። ግን ውብ ነበር፤ በስምንት ቀጫጭን ምሰሶ የተከበበ ገንዳ፣ ከጣራው ብርሃን በመሐሉ ይወርዳል። ሦስቱም ራሳቸውን ወደ ላይ ቀልብሰው ብርሃኑን ሲያዩ፣ እኔ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄጄ ቲኬት ቆራጯ ጋ ደረስኩ። በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብዬ፣ እንዲገባት ነገርኳት፦ ነገ ጥለውኝ ሊሄዱ ነው፤ ፓስፖርቴን ወስደውብኛል፤ ያቺ ሴትዮ ናት የምታስቀረኝ። ቲኬት ቆራጯ ወንበር ሰጠችኝና ስልኩን አነሳች።

ሁለት ፖሊሶች መጡ፤ ትሑቶች ነበሩ፣ ድምፃቸውን እንኳ አላነሱም። አባቴ በቱሪስቱ ሁሉ ፊት የሸሚዙን ቁልፍ ፈትቶ፣ በላብ የራሰውን ቦርሳ ከሆዱ አውጥቶ ፓስፖርቶቹንና የመመለሻ ቲኬቶቹን ዘረጋ። ሦስት ቲኬት። ሦስተኛው ላይ ራቢያ ሰይድ ይላል። አክስቴ መታወቂያዋን ስትሰጥ ካርዱ ሁለት ጊዜ ወደቀባት፤ ሁለት ጊዜ ፖሊሱ አነሳላት። አመስግነው ሲሄዱም ካርዱን በሁለት እጇ እንደያዘች ነበር። ያንን ካርድ ለማግኘት ስንት ዓመት ፖሊስ ባየች ቁጥር መንገድ ስትቀይር እንደኖረች ያኔ አላውቅም ነበር።

አባቴ ድንጋዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ‘ጥዬሽ የምሄድ መሰለሽ?’

‘አዎ።’

‘እንዴት እንዲህ ታስቢያለሽ?’

‘ከዚህ በፊት ጥለኸኝ ሄደሃላ።’

ፓስፖርቶቹን አንድ በአንድ ወደ ቦርሳው መለሰ። ስለ ሹክሹክታው የነገረችኝ አክስቴ ናት፦ ‘ነገ እኮ ባሕር ልንወስድሽ ነበር፣ ሆዴ። ባሕር አይታ አታውቅም፣ በድንገት እናሳያት ብሎ ነው። ነጠላ ጫማውም ለአሸዋው ነው።’

ባሕር አልሄድንም። አክስቴ ‘ፖሊስ ስሜን መዝግቦት ይሆናል’ ብላ ከቤት መውጣት ፈራች፤ እሷን ትተን አንሄድም አለ አባቴ። የቀሩትን ቀናት መዝጊያው ተዘግቶ ቤት ውስጥ ካርታ ስንጫወት ከረምን። እኔ ሁሉንም አሸነፍኳቸው፤ ሆን ብለው ነበር የሚሸነፉልኝ።

የትምህርት ቤቱን ጠብ ለምን በዝምታ እንዳለፈው ቆይቶ እናቴ ነገረችኝ፤ ‘ደግ አደረገች’ ብሎ ነው። እንግዲህ ከማስረጃዎቼ አንድም የቆመ የለም። ቢሆንም ይቅርታ አልጠየቅሁም፤ የጠረጠርኩት ያለ ነገር አይደለም፤ ያስተማረኝ እሱ ነው። ይህን ስል ግን የከፈልኩትንም አውቃለሁ። አባቴ ከዚያ ጉዞ ወዲህ አልተቆጣኝም፤ ማስረዳት ብቻ ጀመረ። ‘ራቢያ፣ ሱቅ ነው የምንሄደው፣ ወተት ልንገዛ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ነው፣ አብረን እንመለሳለን።’ ሃይስኩል ጨርሼ መንዳት ሲያስተምረኝ እንኳ፣ መሪውን የያዝኩት እኔ ሆኜ፣ ወዴት እንደምንሄድና ስንት ሰዓት እንደምንመለስ ሳይነግረኝ ቀበቶውን አያስርም። ወንድሜን ‘ተነስ፣ ና’ ብሎ አንጠልጥሎት ይወጣል፤ እየሳቁ ይመለሳሉ፣ የት እንደነበሩ አይናገሩም። እኔን በድንገት ምንም አሳይቶኝ አያውቅም። የልደቴን ስጦታ ምን እንደሆነ ነግሮኝ ነው የሚገዛልኝ።

ጉልበቱን ስላመመው መንዳት ትቷል። ባለፈው እሑድ ሶፋው ላይ አግኝቼው ‘አባ፣ ተነስ፣ እንሂድ’ አልኩት። የት እንደምወስደው፣ ምን ያህል እንደምንቆይ ልነግረው አፌን ስከፍት፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ጫማውን እያሰረ ነበር። መኪና ውስጥ ገብቶ ቀበቶውን አጠለቀ፣ ሬዲዮኑን ቀነሰ፣ መስኮቱን በትንሹ ከፈተ። ሃይዌይ ወጣን፤ አንድ ኤግዚት፣ ሌላ ኤግዚት አለፍን። ወደ ውጭ ዛፎቹን ያያል። የት እንደምንሄድ አልጠየቀኝም።