ማስረጃሽ ምንድን ነው?

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ይህን እዘለዋለሁ፤ ሲሰሙት ኃጢአት አይመስልማ። ጓደኛዬን አጽናናሁ፣ ይኸው ነው የሠራሁት። አሁን ለእናንተ ልናገረው።

እናኑ የሽንዲ ገበሬ ልጅ ናት፤ እኔ የፍኖተ ሰላም። ቡሬ ላይ ዩኒቨርሲቲ ስንማር አንድ ዶርም ነበርን። ፈተና ሲደርስ እህል አልወርድ ይላታል። እኔ ደግሞ የአቻ ምክር ሥልጠና ወስጄ አዋቂ ሆኛለሁ። የሚያስጨንቅሽን ሀሳብ ያዢና «ማስረጃሽ ምንድን ነው?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ አልኳት። «እወድቃለሁ» ስትል ማስረጃ አምጪ እላታለሁ፤ ታጣለች፤ ትስቅና ትበላለች። «አንቺ ዳኛ፣ ዛሬስ ፈታሽኝ?» ትለኝ ነበር። በጣም እወዳታለሁ።

አባቷ በየቅዳሜው ገበያ ሲወጡ ይደውሉላታል። ስልኩ ላይ እየጮሁ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጠገብሽ?»

የመጨረሻው ዓመት ፈተና ሲጀመር ታላቅ ወንድሟ ለእኔ ደወለ። አባታቸው በጠና ታመዋል፤ ስሟን ይጠራሉ። «ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳትሰማ፣ አደራ» አለኝ። ወጋችን ነው፤ ለተማሪ ክፉ ወሬ አይነገርም። እሺ አልኩት። እሺ ማለቴ ግን አይደለም በደሌ።

ቅዳሜ ስልኩ ሳይጮህ ዋለ። እናኑ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ «አባባ ደህና አይደሉም፤ ልቤ ነግሮኛል» አለች። ዝም ልል እችል ነበር። አቅፌያት አብሬ ልጨነቅ እችል ነበር። እኔ ግን ጠየቅኳት፤ «ማስረጃሽ ምንድን ነው?»

«አልደወሉም።» ኔትወርክ ይሆናላ። «የወንድሜ ድምፅ ልክ አይደለም።» ደክሞት ይሆናላ። አንድ በአንድ አስጣልኳት። ማስረጃው እኔ ጆሮ ውስጥ ተቀምጦ እሷን አምጪ አልኳት። ለምን? ጭንቀቷን ማየት አልቻልኩም፤ ደግሞም ጎበዝ መባል ይጥመኝ ነበር። አመነችኝ፤ ፊቷን ታጥባ ላይብረሪ ሄደች። ሽንዲ እኮ ቅርብ ነው፤ የአባቷን እጅ ይዛ ተሰናብታ ትመለስ ነበር።

ፈተናው ሳያልቅ አረፉ። መርዶውን የሰማችው ከተቀበሩ በኋላ ነው። ሳለቅስ አይታ፣ «አንቺ ምን ታደርጊ፣ አንቺም አላወቅሽ» ብላ አጽናናችኝ። እሷ እኔን። እኔም ዝም ብዬ ተጽናናሁ።

ዛሬ ቡሬ አስተማሪ ናት። የተጨነቀ ተማሪ ሲመጣባት ያንኑ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ብዙ ልጅም ቀሎት ይወጣል። ጥያቄው ምንም አልበደለም። መልሱን እያወቅኩ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ደውላ ስንስቅ ቆየንና፣ «ያኔ እኮ ወንድሜ የአባባን መታመም ለሆነ ሰው ሳይናገር አልቀረም እላለሁ፤ ግን ማስረጃ የለኝም፣ ተውኩት» አለችኝ። ወሬ ቀየርኩ።

ለፈተናሽ አስቤ ነው አልላትም። አደራ ተብዬ ነውም አልላትም። ወጉ ዝም በይ ይላል እንጂ የገዛ ልቧን እንዳታምን አድርጊ አይልም። ቅዳሜ ቡሬ እሄዳለሁ። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ የእሷ ነው፤ እኔ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብዬ የምላት ይህን ብቻ ነው፤ እናኑ፣ ማስረጃሽ እኔ ነኝ።